ሻምበሉ የሻሩት ትእዛዝ

ካርዱን ስታነሣ ሰኪና የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የተሳሳተ መሰላት። ጾታ፣ ወንድ። ዕድሜ፣ ስልሳ ዘጠኝ። የሚነሣው፣ ግራ ጡት። ስሙን ግን ደግማ አነበበችው። ሀብተሥላሴ ጥሩሰው ይላል።

ከአምቦ ወጣ ብሎ ባለው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የማሞግራፊ፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች ዓመታት አልፈዋል። ወደ እሷ ክፍል የሚመጡት የጡረተኛ ወታደር ሚስቶችና የሟች ወታደር ባልቴቶች ናቸው፤ አልፎ አልፎም ራሳቸው የዘመቱ ሴቶች ይመጣሉ። ወንድ መጥቶ አያውቅም። የጡት ካንሰር ወንድንም እንደሚይዝ ኮሌጅ ተምራለች እንጂ በዓይኗ አላየችም።

ደግሞ እኚህን ሰው ታውቃቸዋለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ልጃቸው ኢዮሲያስ እጇን ይዞ ቤታቸው አስገብቷት ነበር። ሻምበሉ በጨዋ ደንብ ተቀበሏት፤ ሻይ አስቀረቡላት። ጠጥታ እስክትጨርስ ጠበቁና ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ "ልጄ፣ አንቺ ክፉ አይደለሽም። ቤተሰቦችሽም የተከበሩ ነጋዴዎች እንደሆኑ እሰማለሁ። እኔ ግን ልጄን ከእምነቱ ውጪ አልድርም። ለእንግድነት ከሆነ በፈለግሽ ቀን ነይ። ለምራትነት እንዳትመጪ። ትእዛዜ ነው" አሏት። ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። በተሰደበ ሰው ላይ ቁጣ አለ፤ በጨዋ ቃል የተሸኘ ሰው ግን የሚይዘው የለውም።

በእሷም በኩል ነገሩ የተሻለ አልነበረም። አባቷ ሱልጣን ከስልጤ በወጣትነታቸው መጥተው ጌዶ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። የኢዮሲያስን ስም በሰሙ ቀን፣ "ይህን ስም በቤቴ ሁለተኛ አልስማ" አሉ፤ ከዚያ ወዲህም አልሰሙም።

ሁለቱ መጠበቅን መረጡ። ኢዮሲያስ ባኮ የበቆሎ ምርምር ላይ ይሠራል፣ ሰኪና አምቦ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሥራ ሲፈቅድላቸው፣ እሱ ከወዲያ እሷ ከወዲህ እየተሳፈሩ እጃጂ ላይ ይገናኙ ነበር።

ሰኪና ካርዱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ሻምበሉ የአግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የሰኔ ዝናብ ያራሰውን ካፖርት አላወለቁም። ዙሪያቸውን ያሉት ሴቶች ናቸው። ከጉደር የመጡ አንዲት እናት፣ ሚስታቸውን ያመጡ መስሏቸው፣ "ኦቦ፣ ሃቲ መና ኬሰን ኤሳ ጅርቲ?" ብለው ባለቤታቸው የት እንዳሉ ጠየቋቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ብዙ ጊዜ ሆኗል። ሻምበሉ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩ።

ሌላ ጊዜ ከበሩ ሆና ስም ትጠራለች። ያን ቀን አጠገባቸው ሄዳ ጎንበስ አለችና በዝግታ፣ "ሻምበል፣ በዚህ በኩል ይምጡ" አለቻቸው።

ቀና ብለው አዩዋት። አወቋት።

"ሌላ ሰው የለም?"

"የለም።"

"ወንድ?"

"ራጅ ክፍል ያለው ወንድ ነው። ይህን መሣሪያ ግን አያውቀውም።"

ወደ ግቢው በር ተመለከቱ። ዝናቡ መንገዱን ጋርዶታል። ይሄዳሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን፣ "እንግዲህ ያለው ይኸው ከሆነ" አሉና ተከተሏት።

ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከሸሚዙ ሥር ደረታቸውን በቀጭን ጨርቅ ጠምጥመው አስረውታል። ጨርቁን ስትፈታ የጡታቸው ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ዙሪያው ቆዳ ተሰብስቦ አየች።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"ዓምና። ከፋሲካ በፊት።"

"እስከዛሬ ዝም አሉ?"

"መጀመሪያ የድሮ ፍንጣሪ የተነሣ መሰለኝ፤ በዚህ ጎኔ ተመትቼ ነበር። ኋላ እንዳልሆነ ገባኝ።" ጨርቁን እየጠቀለሉ፣ "ምን ብዬ ልናገር? ጡቴን አመመኝ ልበል?" አሉ።

የወንድ ደረት ላይ የሚያዝ ሥጋ ጥቂት ነው። በአንድ እጇ ትከሻቸውን ይዛ፣ በሌላው ሥጋውን ወደ መሣሪያው ጠፍጣፋ ስባ ማቅረብ ነበረባት። የሒጃቧ ጫፍ ክንዳቸውን ነካ። ከሳሎናቸው የሸኟት ሰው ልብ በመዳፏ ሥር ሲመታ ይሰማታል፤ ፈጣን ነው፣ እንደ ፈራ ልጅ ልብ።

"ሲጫን ያምማል። ቶሎ ያልፋል። ትንፋሽዎን ይያዙ።"

ያዙ። ሰልፍ ላይ እንዳለ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ። ጥርሳቸው ሲፋጭ ሰማች እንጂ ድምፅ አላወጡም።

ምስሉ ሲወጣ ፊቷን ለመቆጣጠር ሞከረች። በጥቁሩ መሐል አንድ ነጭ ነገር አለ፤ ዙሪያው ወደ ውጪ የተበታተነ፣ ሥር እንዳወጣ ድንች። ብብታቸው ሥርም ሌላ አለ።

"አየሽው?" አሉ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ።

"ውጤቱን ዶክተር ቶኩማ ናቸው የሚነግሩዎት። እኔ አልናገርም፣ አልተፈቀደልኝም።"

"ፊትሽ ነግሮኛል።" የመጨረሻውን ቁልፍ ማስገባት አቃታቸው፤ ቀረብ ብላ አስገባችላቸው። አላስቆሟትም። "ስሚኝ ልጄ። ኢዮሲያስ ይህን ነገር እንዳይሰማ።"

"የታካሚ ጉዳይ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ሥራዬ ነው።"

"ለሥራሽ አይደለም የምጠይቅሽ። እንደምትገናኙ አውቃለሁ። ማዪልኝ።"

ሰኪና ስለ ሰውየው ጭንቀት እንጂ ስለ ራሷ አላሰበችም። "ወላሂ አልነግረውም" አለች።

እጃጂ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡት አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ጓዳ አጠገብ ነው። ሥጋ እንዳይለያቸው ሁልጊዜ በየዓይነቱ ያዝዛሉ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ኢዮሲያስ ከሷ ቀድሞ ደርሶ ነበር። የባኮ ቆላ ፀሐይ ፊቱን አጥቁራዋለች። ሲያያት የሳቀው ሳቅ እንደ ሌላው ጊዜ ነው። ሰኪና ግን በዚያ ሳቅ ውስጥ ያባቱን ከንፈር አየችና ዓይኗን አሸሸች።

"ከአባዬ ጋር ተጣልቻለሁ" አላት ገና ሳይቆርስ። "ልነግርሽ የፈለግሁት በአካል ነው። ሰኪናን ካልተቀበልክ እኔንም አታገኘኝም አልኩት። እሱ ራሱ ጠርቶኝ ይቅር እስኪል ድረስ አምቦ አልመጣም።"

"መቼ ነው የተጣላችሁት?"

"ሦስት ሳምንት ይሆናል። ለምን ደነገጥሽ? ደስ የሚልሽ ነበር የመሰለኝ።"

የቆረሰችው እንጀራ ጣቷ መሐል ቀረ። ሻምበሉ ወደ ሆስፒታሉ ብቻቸውን የመጡት ለዚህ ነበር።

"ሂድና እያቸው፣ ኢዮሲ።"

"ምን ብዬ?"

"ምንም አትበል። ሂድና አጠገባቸው ተቀመጥ። ሽማግሌ ናቸው።"

ኢዮሲያስ እጁን ከገበታው አነሣ። "ላንቺ ብዬ ነው የተጣላሁት። አንቺ ደግሞ ወደ እሱ ትገፊኛለሽ?"

"አባት ናቸው ብዬ ነው።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴ አልነበረም? ዛሬ ምን ተገኘ?"

ምላሷ ሥር ያለው ነገር አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። አንድ። ብትናገረው ይኼኔ ተነሥቶ በመጀመሪያው መኪና አምቦ ይገባል። ግን ቃሏ አለ፤ ደግሞም ልብሱን ለብሶ ያልጨረሰ ሰው ለምኗት የሰጠችው ቃል። የያዘችውን ቁራሽ ገበታው ላይ መለሰችው።

"ጌዶ ሰው አመጡልሽ" አለ ኢዮሲያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አባትሽ የሚያገባሽ ሰው አመጡልሽ። ለዚህ ነው።"

"አላመጡልኝም።"

"ታዲያ ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ።"

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እንባውን በገዛ ራሱ መንገድ ተረጎመው። ሒሳብ ከፍሎ ተነሣ። መኪናው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ፣ ሌላ ጊዜ መንገዱ እስኪታጠፍ እጁን የሚያውለበልብ ሰው፣ በዚያ ቀን ወደ ፊት ብቻ ያይ ነበር። ሰኪና ጭቃው ላይ ቆማ፣ እውነቱን ደብቆ መወደድና እውነቱን ተናግሮ መጠላት የትኛው እንደሚከፋ ማወቅ አቃታት።

ክረምቱ ከበደ። ሻምበሉ አዲስ አበባ ተልከው ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሲመለሱ ቁስላቸው የሚታጠበው በዚሁ ሆስፒታል ነው፤ ታጥበው ሲጨርሱ ወደ ቤት አይሄዱም። የማሞግራፊው ክፍል ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ሴቶቹ ለመዷቸው። የሚፈሩ ሴቶች ሲመጡ፣ "አይዞሽ፣ እኔም ገብቼበታለሁ" ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ ያሉ ቀን ሰኪና ከውስጥ ሰምታ ሥራዋን ለደቂቃ አቆመች።

ሰልፉ ሲያልቅ ወጥታ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ስለ ሕመሙ አያወሩም።

"ይበላል?" ይሏታል ስለ ልጃቸው።

"ይበላል።"

"ምን?"

"እኔ ሳየው በየዓይነቱ ነው።"

"ሥጋ እኮ ይወድ ነበር።"

"ከእኔ ጋር ሲሆን አይበላም። ሥጋችን ስለሚለያይ። እኔም አልበላም።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ?"

"አዎ።"

ሻምበሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጾም የሚያጠብቁ ሰው ናቸው፤ የዚህን ዓይነት ጾም ግን የጠበቁ አይመስልም ነበር።

"ይንገሩት" ትላቸዋለች። "ወይ እኔን ይፍቱኝ።"

"በእኔ ተቆጥቶ ነው የሄደው። በሕመሜ ጎትቼ አላመጣውም። በእዝነት የመጣ ልጅ እንግዳ ነው።"

"ኋላ ቢሰማ ይጠላኛል።"

"አይጠላሽም። እኔው እነግረዋለሁ። ትንሽ ልበርታ።"

አልበረቱም። በነሐሴ ሳል ጀመራቸውና አስተኟቸው። ለእህታቸው ለእትዬ አሰፋሽ፣ "ሳንባዬን በርዶኝ ነው" ብለው ነግረዋቸዋል፤ እሳቸውም አምነው ሾርባ ይዘው ይመላለሳሉ። ሰኪና በሽታው ወደ ሳንባቸው እንደወጣ ታውቃለች። ከኢዮሲያስ ጋር ከእጃጂው ቀን ወዲህ አልተያዩም። በስልክ ይነጋገራሉ፤ ንግግራቸው ግን ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ ሆኗል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሻምበሉ አስጠሯት። ትራስ ደግፈዋቸው ተቀምጠዋል። ጢማቸውን ተላጭተዋል።

"ሳሎኔ ውስጥ የተናገርኩሽን ታስታውሻለሽ?"

"አስታውሳለሁ።"

"ትእዛዝ ነው ብዬ ነበር።" ሳሉ፤ ውኃ ሰጠቻቸው። "አልተናገርኩም አልልም። ትእዛዝን የሚሽረው ያዘዘው ሰው ነው። ሽሬዋለሁ።"

ሰኪና የውኃውን ብርጭቆ ማስቀመጫ አጣች።

"እምነቴ ያው ነው" አሉ። "ያንቺም ያው ይሁን። እንዴት እንደምትኖሩ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ አልገባኝም፣ ላይገባኝም ይችላል። ግን በእጅሽ ወድቄ አይቼሻለሁ። ከዚህ የተሻለ ሰው ለልጄ አላመጣለትም። አሁን ስልኩን ስጪኝ። ሁለቱንም ነገር ከአፌ ይስማ፤ አንቺ እንዳትቀድሚኝ።"

ደወሉ። ከጌዶ ወዲያ ያለው መንገድ በዚያው ሳምንት ተዘግቶ ነበር፤ ስልክም አብሮ ጠፍቷል። የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን አይገኙም የሚለውን የሴት ድምፅ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ደግመው ደወሉ። በማግስቱም፣ በሠልስቱም። ስልኩ ደረታቸው ላይ ነው የሚያድረው፤ በጎደለው በኩል።

ሰኪና በጭነት መኪና ሾፌሮች በኩል መልእክት ለመላክ ሞከረች። "ቶሎ ና" የምትል ብቻ። ከጌዶ ወዲያ የሚያልፍ አልተገኘም።

ሻምበል ሀብተሥላሴ ያረፉት በቀትር ነው። ሰኪና በዚያ ሰዓት ሌላ ሴት መሣሪያው ላይ አቁማ ነበር። እትዬ አሰፋሽ ኮሪደሩ ላይ ሲጮኹ ሰማች። "አሁን ይተንፍሱ" አለቻት ሴትዮዋን፤ የራሷ ትንፋሽ ግን አልወጣ አለ።

ኢዮሲያስ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። መንገዱ ሲከፈት በአገኘው መኪና ተሳፍሮ፣ መርዶውን ጌዶ መናኸሪያ ላይ ከሚያውቀው ሰው ሰማ። ሰኪና ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ሳለ ገባ። ጫማው ጭቃ ነው። ማንንም ሳያይ መሬት ላይ ተቀመጠና ጉልበቱን አቀፈ። የአባቱ የጥንት ጓዶች፣ አንዳንዶቹ በክራንች፣ ተነሥተው ከበቡት።

ለቅሶው ጋብ ሲል እትዬ አሰፋሽ ምስጋና መናገር ጀመሩ። ክፉ አላሰቡም። "ይቺ ልጅ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር" አሉ በነጠላቸው ጫፍ ወደ ሰኪና እየጠቆሙ። "ገና በሰኔ ማሽን ውስጥ ካስገባችው ቀን ጀምሮ አልተለየችውም። ጡቱን ሲቆርጡትም ታውቃለች አሉ። እኔ እህቱ እንኳ ትናንት ነው ከሐኪሙ የሰማሁት። እግዜር ይስጥሽ፣ እናቴ።"

ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ሰው ነበር። ሰኪና ያየችው ግን አንድ ፊት ብቻ ነው። ኢዮሲያስ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

ተነሥቶ ወጣ። ተከተለችው። ከቤቱ ጀርባ፣ የዝናብ ውኃ ከቆርቆሮው በርሜል ውስጥ በሚወርድበት ቦታ ቆመ።

"በሰኔ?" አላት።

"በሰኔ።"

"እጃጂ ስንገናኝ?"

"ከዚያ በፊት በነበረው ማክሰኞ ነው ራጅ ያነሣኋቸው።"

"ታውቂ ነበር። እዚያ ተቀምጬ አባቴን እንዴት እንደተጣላሁ እንደ ጀግና ሳወራልሽ ታውቂ ነበር።"

"ሂድና እያቸው አልኩህ።"

"ለምን ሂድ እንዳልሽኝ አልነገርሽኝም።"

"አስማሉኝ፣ ኢዮሲ።"

"እኔስ?" ድምፁ ተሰበረ። "እኔ ለሁለት ዓመት ምንሽ ነበርኩ? ለታካሚሽ የማልሽው መሐላ ይበልጣል? አክስቴ አላወቀችም፣ አትወቀስም። አንቺ ግን ውስጡን አይተሻል። እንደሚሞት እያወቅሽ ደህና ነህ ትይኝ ነበር። ክረምቱን በሙሉ እሱ ይጥራኝ እያልኩ ተቀመጥኩ፤ እሱ ደግሞ እዚህ ይሞት ነበር።"

ሻምበሉ ትእዛዛቸውን እንደሻሩ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ወዲያው ምን እንደምትመስል ታያት። አፈሩ ያልደረቀ ሰው ቃል ይዛ፣ ምስክር የሌለው ቃል፣ ያውም ለራሷ የሚጠቅም። ይቅርብኝ አለች በልቧ። አፏን ዘጋችው።

"ይቅር በለኝ" ብቻ አለች።

ኢዮሲያስ ፊቱን በበርሜሉ ውኃ ታጠበና ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ሰኪና በጓሮ በር ወጥታ በእግሯ ሄደች። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሲጠላት የምታውቅ ይመስላት ነበር። የሚወዳት ሰው ሲጠላት ግን እንዴት እንደሚያይ ያን ቀን ተማረች።

ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ቀደደችው። ሌላ ጻፈች፤ እሱን ላከች። "ስለ አባትህ መስማት የምትፈልግ ቀን የማውቀውን ሁሉ እነግርሃለሁ። ስለ እኔ ምንም አልጠይቅህም" ይላል። መልስ አልመጣም። መስቀል አለፈ። አደይዋ ረገፈች።

ከአርባው ማግስት፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ጨርሳ ስትወጣ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ከስቷል። ጥቁር ለብሷል።

"ንገሪኝ" አላት።

ወደ መናኸሪያው እየሄዱ ነገረችው። እንዴት እንዳልጮኹ፣ ሴቶቹን እንዴት አይዞሽ ይሉ እንደነበር፣ ይበላል ወይ ብለው እንደሚጠይቁ። ሁለቱ ሥጋ መተዋቸውን ሰምተው ፊታቸውን ወደ መስኮት እንዳዞሩ ስትነግረው ኢዮሲያስ መንገዱ ዳር ቆመና እጁን ግንቡ ላይ ደገፈ። ባጃጆች በአጠገባቸው እያለፉ ጠበቀችው።

"ስለ እኛስ?" አለ። "ምንም አላለም?"

"ብነግርህ ታምነኛለህ?"

"ንገሪኝ።"

ቃላቸውን እንዳለ፣ ሳትጨምር ነገረችው። እምነቴ ያው ነው ያሉትንም፣ አልገባኝም ያሉትንም አልተወችም። ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው እንዴት እንደጠበቁትም ነገረችው።

"ያኔ ጓሮ ስንቆም ለምን አልነገርሽኝም?"

"በአባትህ ለቅሶ ላይ ስለ ራሴ ጋብቻ ላውራ?"

ኢዮሲያስ መናኸሪያው ሲደርሱ፣ "አምንሻለሁ" አላት። "ምን እንደሚከብደኝ ታውቂያለሽ? ማመኔ ነው። ዋሽተሽኝ ቢሆን ጠልቼሽ እገላገል ነበር። አሁን ትክክል እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ግን ባየሁሽ ቁጥር ያቺ የእጃጂ ገበታ ትመጣብኛለች።"

"አውቃለሁ።"

"አባትሽ ለቅሶ መጥተው ነበር" አለ ድንገት።

ሰኪና የሰማችውን አላመነችም። "የኔ አባት?"

"በአምስተኛው ቀን። ማን እንደሆኑ አልተናገሩም። አጠገቤ ተቀምጠው አብረውኝ ዝም አሉ። ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው፣ 'አላህ ያጽናህ፣ ልጄ' አሉኝ። ከሄዱ በኋላ ነው የጌዶ ሰዎች የነገሩኝ።"

አባቷ በየሳምንቱ ስታያቸው አንድም ቃል አልተነፈሱላትም። በሁለት ዓመት መጠበቅ ያልተነቃነቀ ነገር እንዲህ በጸጥታ ከቦታው ተነሥቷል፤ አሁን ደግሞ የሚከለክላቸው ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ሁለቱ እርስ በርሳቸው መድረስ አቅቷቸዋል።

የባኮው አውቶቡስ ሊነሣ ነበር። ሰኪናም ወደ ጌዶ መሄዷ ነው። በዚህ መንገድ ላይ አብረው ተሳፍረው አያውቁም፤ ሾፌሩም ረዳቱም የሱልጣንን ልጅ ያውቃሉ። ያን ቀን ኢዮሲያስ ለሁለት ትኬት ቆረጠ። በመስኮቱ በኩል ቦታ ለቀቀላት። ጉደርን አልፈው ዳገቱን ሲወጡ ለአጨዳ የተቃረበ የጤፍ ማሳ በሁለቱም በኩል ቢጫ ሆኖ ነበር። አንድ ጊዜ መኪናው ሲዘል ትከሻው ትከሻዋን ነካ፤ አላነሣውም፣ አልተደገፈባትምም።

ጌዶ ስትወርድ፣ "እኔ ልጠብቅ?" ብላ ጠየቀችው።

"ጠብቂኝ ልልሽ አልችልም" አለ። "አትጠብቂኝ ልልሽም አልቻልኩም።"

ሱልጣን ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸው ከአውቶቡሱ ስትወርድ፣ መስኮቱ ላይ የቀረውን ጥቁር የለበሰ ወጣትም አዩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉለት። ኢዮሲያስ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሳ። አውቶቡሱ አቧራውን አስነሥቶ ወደ እጃጂ አቀና።

"ይመጣል?" አሉ ሱልጣን።

"አላውቅም፣ አባ።"

ሌላ አልጠየቋትም። ጨርቅ የሚያስለካ ደንበኛ ውስጥ እየጠበቃቸው ነበር፤ ትተውት እሷን አስገቡና ከመደርደሪያው ጀርባ ወዳለው ወንበር ወሰዷት። መጋረጃውን ሳቡላት። ሰኪና ከሰኔ ጀምሮ ለማንም ሳታሳይ የያዘችውን ለቅሶ፣ ለሻምበሉም፣ ለልጃቸውም፣ ለራሷም፣ እዚያ ተቀምጣ አለቀሰችው። አባቷ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው፣ ደንበኛው ለቅሶዋን እንዳይሰማ፣ ሜትሩን ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር።